ሊንክ ሁለት ጫፍ አለው፦ ስለ ዳታ ሴንተር ስዊች ኢንተርፌስ ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዳታ ሴንተር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። የስዊች (ሰርቨሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ዕቃ) ኢንተርፌስ፣ ማለትም ኬብል የሚሰካበት ፖርት፣ እንዴት ኮንፊገር እንደሚደረግ የሚመክር ነው። ጸሐፊው ብዙ የሠሩ ባለሙያ እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ፍጥነትና ዱፕሌክስን (መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ ይሁን ወይስ በተራ የሚለውን) ሁልጊዜ በእጅ ቆልፉ፤ ኤምቲዩን (የሚላከው የዳታ እሽግ፣ ማለትም ፓኬት፣ በባይት ሊደርስ የሚችለውን ትልቁን መጠን) በሁሉም ፖርት ላይ 9000 አድርጉ፤ ሁለት ኬብል ስታጣምሩ ኤልኤሲፒን (ሁለቱ ጫፎች ስለ ማጣመሩ የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል) ትታችሁ በስታቲክ እሰሩ፤ ትራንኩን (የብዙ ቪላኖች ትራፊክ የሚያልፍበትን ሊንክ) ለሁሉም ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለይቶ ለተከፈለ ኔትወርክ) ክፈቱ፤ ስፓኒንግ ትሪን (ትራፊክ በክብ እንዳይዞር የሚከላከለውን) አጥፉ፤ የሲአርሲ ስህተት (ዳታው መንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳይ ምርመራ) ያያችሁበትን ፖርት ኬብል ቀይሩ፤ ዲስክሪፕሽን (በፖርቱ ኮንፊግ ላይ የሚቀመጥ ማስታወሻ) በመጻፍ ጊዜ አታባክኑ፤ ሥራችሁን በቀጥታ ስዊቹ ላይ ጨርሱና መጨረሻ ላይ ሴቭ አድርጉ።

ላልፈው ያልቻልኩት ጽሑፉ ጀማሪዎች እጅ ስለገባ ነው። እዚህ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ አካባቢ ባሉት ዳታ ሴንተሮች የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት አብዛኞቹ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ የተሰጣቸውን ዝርዝር ግን እንዳለ ይሠሩበታል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስህተት ካለ ስህተቱ በአንድ ሌሊት ብዙ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ይተከላል።

ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት ከየነጥቦቹ ሥር አንድ ነው። እሳቸው ኢንተርፌስን ራሱን የቻለ ነገር አድርገው ይጽፉለታል። ኢንተርፌስ ግን የሊንክ ግማሽ ነው። በዚህኛው ጫፍ የምንጽፈው መስመር ትክክል ወይም ስህተት የሚሆነው በዚያኛው ጫፍ ካለው ጋር ሲታይ ብቻ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም።

ከፍጥነትና ከዱፕሌክስ ልጀምር። ጸሐፊው ኦቶ ኔጎሲዬሽን (ሁለቱ ጫፎች ራሳቸው ተደራድረው የሚስማሙበት አሠራር) አይታመንም፣ ስለዚህ ሁሉንም በእጅ መቆለፍ ይሻላል ይላሉ። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በዘመኑ ምክንያት ነበረው። 100 ሜጋ ኢተርኔት ከኦቶ ኔጎሲዬሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 በመስፈርት ሲወጣ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች በደንብ አይግባቡም ነበር። አንደኛው ጫፍ በእጅ ፉል ዱፕሌክስ ተደርጎ ሌላኛው በኦቶ ከተተወ፣ በኦቶ ያለው ፍጥነቱን ከሲግናሉ መለየት ይችላል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ ብቻ መላክና መቀበል) ላይ ይቀመጣል። ውጤቱ ሊንኩ የተነሳ፣ ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት) የሚመልስ፣ ጭነት ሲመጣ ግን የሚንፏቀቅ ኔትወርክ ነበር። በዚያ የተማረረ ትውልድ ሁሉን ቆልፍ ብሎ አስተማረ። ልብ በሉ፤ ያኔም ጥፋቱን ያመጣው የሁለቱ ጫፎች አለመስማማት ነበር።

ዛሬ በዳታ ሴንተር ውስጥ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በመዳብ ኬብል ላይ ለሚሠራው 1 ጊጋ ኦቶ ኔጎሲዬሽን በመስፈርቱ ግዴታ ነው፤ ከሁለቱ ጫፎች የጊዜ ምቱን የሚሰጠው (የክሎኩ ጌታ) ማን እንደሚሆን የሚወሰነው በእሱ ነው። ከ10 ጊጋ ጀምሮ ደግሞ ሃፍ ዱፕሌክስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በ25 ጊጋ ፖርት ላይ ዱፕሌክስ ፉል ብሎ መጻፍ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት፣ ልጆቻችንን ሌሊት የሚያስለቅሰው ጉዳይ ኤፍኢሲ ነው። በ25 ጊጋና ከዚያ በላይ ሲግናሉ በጣም ስስ ስለሆነ ተቀባዩ የተበላሹ ቢቶችን ራሱ የሚያርምበት ኮድ አብሮ ይላካል። የ25 ጊጋ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጸድቅ ሦስት ዓይነት ሁኔታ ይዞ መጣ፦ ኤፍኢሲ የሌለው፣ ቤዝ-አር የሚባለው ቀላሉ፣ እና አርኤስ የሚባለው ጠንካራው። የትኛው እንደሚያስፈልግ በኬብሉ ይወሰናል። እስከ 5 ሜትር የሚደርሰው ረጅሙ የመዳብ ዳክ ኬብል አርኤስ ይፈልጋል። አጫጭሮቹ ቤዝ-አር ወይም ያለ ምንም ኤፍኢሲ ሊበቃቸው ይችላል። በፋይበር የሚሠራው የአጭር ርቀት ሞጁልም አርኤስ ይፈልጋል። አንዱ ጫፍ አርኤስ ሌላው ያለ ኤፍኢሲ ከሆነ ሊንኩ አይነሳም፤ አንዳንዴም በአንድ በኩል የተነሳ መስሎ በሌላው በኩል ሞቶ ይገኛል።

አንድ ደንበኛ ሰርቨሩን ከራክ አናት ካለው ስዊች ጋር በዳክ አገናኝቶ ሊንክ አጣ። ኬብሉ ተቀየረ፣ የኔትወርክ ካርዱ ተቀየረ፣ ፖርቱም ተቀየረ። በስዊቹ በኩል ያለው ሰው ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ፍጥነቱን በእጅ 25 ጊጋ ብሎ ቆልፎት ነበር። በዚያ ስዊች ላይ ፍጥነት በእጅ ሲቆለፍ ኦቶ ኔጎሲዬሽኑ አብሮ ይጠፋል፤ እሱ ሲጠፋ የኤፍኢሲ ምርጫ ድርድሩም ይቀራል። በመዳብ ኬብል ላይ ሁለቱ ጫፎች ሲግናሉን ለኬብሉ ጠባይ የሚያስተካክሉበት የሊንክ ትሬኒንግም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቁልፉን አንስተን ሁለቱንም ጫፍ በኦቶ ስናደርገው ሊንኩ ወዲያው ተነሳ።

ስለዚህ የኔ ምክር በኬብሉ ዓይነት ይለያያል። ዳክ ከሆነ ኦቶውን በሁለቱም ጫፍ ክፍት ተዉት። ፋይበር ከሆነ ግን በ25ና በ100 ጊጋ ሞጁሎች ላይ እንዲህ ያለ ድርድር የለም፤ እዚያ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ፍጥነቱም ኤፍኢሲውም በእጅ ይጻፍ፣ ግን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ። በስዊቹ ላይ ያለውን በሾው ትእዛዝ፣ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያለውን በኢቲኤችቱል አይቶ ማስተያየት የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፦ በብዙ ስዊቾች ላይ የ25 ጊጋ ፖርቶች በአራት አራት ተቧድነው ነው የተሠሩት። ከአራቱ አንዱን ወደ 10 ጊጋ ካወረዳችሁ ሦስቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ወይም ስዊቹ ትእዛዙን አይቀበልም። አንድ ፖርት ላይ ፍጥነት ከመንካታችሁ በፊት ጎረቤቶቹ ላይ ማን እንዳለ እዩ።

ሁለተኛው የኤምቲዩ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ አልጠይቅም፣ ምክንያቱም በምክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። ጸሐፊው በሁሉም ፖርት ላይ 9000 ብንጽፍ የዝውውር መንቀርፈፍ ያበቃል ይላሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ትርጉም የለውም። በሲስኮ ኤንኤክስ-ኦኤስ (የሲስኮ ዳታ ሴንተር ስዊቾች ሶፍትዌር) ላይ ኤምቲዩ ሲባል የኢተርኔት ራስጌው አይቆጠርም። በጁኖስ (የጁኒፐር ዕቃዎች ሶፍትዌር) ላይ ግን የፊዚካል ኢንተርፌሱ ኤምቲዩ 14 ባይት የሆነውን ራስጌ ይጨምራል፤ ነባሪው ቁጥር 1514 የሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ላይ 9000 ብሎ የጻፈ ሰው በአንደኛው 9000 የአይፒ ባይት፣ በሌላኛው 8986 ብቻ ፈቅዷል። በዓይን ሲታይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ናቸው፤ በሥራ ላይ 14 ባይት ይለያያሉ። በሁለቱ መካከል ኦኤስፒኤፍ (የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ካለ ጉርብትናው ኤክስስታርት በሚባለው መነሻ ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ኤምቲዩ ካልተስማማ ኦኤስፒኤፍ ዳታቤዙን አይለዋወጥምና።

ቀጥሎ ትልቅ ፍሬም (ፓኬቱን ይዞ በኢተርኔት ላይ የሚጓዘው እሽግ) መንገድ ላይ ሲደናቀፍ ምን እንደሚሆን እንይ። የሚያደናቅፈው ራውት የሚያደርግ ኢንተርፌስ ከሆነና ፓኬቱ አይከፈልም የሚል ምልክት ካለው፣ ለላኪው በአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር ማሳወቂያ ፕሮቶኮል) አሳንሰህ ላክ የሚል መልእክት ይመለሳል። ይህ አሠራር አርኤፍሲ 1191 በሚባለው የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቀመጠ ነው። በመካከል ያለ ፋየርዎል አይሲኤምፒን በሙሉ ከዘጋ መልእክቱ አይደርስም። የሚያደናቅፈው የሌየር 2 ፖርት (አይፒ ሳያይ ፍሬም ብቻ የሚያስተላልፍ) ከሆነ ደግሞ ከናካቴው መልእክት የለም፤ ፍሬሙ በዝምታ ይጣላል። ምልክቱን የሠራበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ፒንግ ይመልሳል፣ ሎግኢን ይገባል፣ ፋይል ማስተላለፍ ሲጀመር ግን ቀጥ ይላል። ደንበኛው ኔትወርኩ ሞቷል ይላል፤ የኛ ልጅ ፒንግ አድርጎ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ስለዚህ ማን ምን ያህል ይሁን? በመካከል ያሉትን የስዊች ፖርቶች ዕቃው እስከፈቀደው፣ ብዙውን ጊዜ 9216 ድረስ፣ ከፍ ማድረግ ጉዳት የለውም። የስዊቹ ኤምቲዩ ጣሪያ ነው፤ ፍሬሙን የሚያተልቀው ላኪው ሰርቨር ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው የሰርቨሮቹና የአይፒ ኢንተርፌሶቹ ኤምቲዩ ነው፤ በአንድ ሰብኔት ውስጥ ያሉ ሁሉ አንድ መሆን አለባቸው። ለስቶሬጅና ለቨርችዋል ማሽን ማዘዋወሪያ በተለየ ቪላን ላይ 9000 ማድረግ ጥሩ ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ሰርቨር 9000 ማድረግ ግን ምንም አይጠቅምም፤ ከአዳራሹ ውጭ ያለው መንገድ 1500 ነው።

ቪኤክስላን (የደንበኛን ኔትወርክ በሌላ ኔትወርክ ላይ የሚያሳልፍ አሠራር) ያለበት ቦታ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። እያንዳንዱ የደንበኛ ፍሬም በሌላ ፓኬት ሲጠቀለል፣ ከሥር ያለው ኔትወርክ አይፒ ቨርዥን 4 ከሆነ 50 ባይት ይጨመራል፦ 14 የውስጡ ኢተርኔት ራስጌ፣ 8 ቪኤክስላን፣ 8 ዩዲፒ፣ 20 አይፒ። ቪኤክስላንን የሚገልጸው አርኤፍሲ 7348 የሚጠቀልለው ስዊች ፓኬቱን እንዳይከፍል ይከለክላል። ስለዚህ ደንበኛው 1500 ቢጠቀም ከሥር ያሉት የሌፍና ስፓይን (ሰርቨሮች የሚሰኩባቸው ስዊቾችና እነሱን የሚያገናኙት ስዊቾች) ሊንኮች ቢያንስ 1550፣ ደንበኛው 9000 ቢጠቀም ቢያንስ 9050 መቻል አለባቸው። ሰርቨሩም 9000፣ በሌፍና በስፓይን መካከል ያለውም 9000 ከሆነ፣ ማለትም የጸሐፊው ምክር ቃል በቃል ከተፈጸመ፣ ሙሉ መጠን ያለው እያንዳንዱ የደንበኛ ፓኬት ይጣላል። ይህ ግምት አይደለም፣ መደመር ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ አትክፈል የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ 20 ባይት አይፒና 8 ባይት አይሲኤምፒ ሲጨመር 9000 ይሞላል። ለ1500 ቁጥሩ 1472 ነው። በሁለቱም አቅጣጫ አድርጉት፤ የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ኬብል ስለማጣመር። ጸሐፊው ኤልኤሲፒን የሚቃወሙበት ምክንያት ተጨባጭ ነው፤ ላክብርላቸው እወዳለሁ። አዲስ ሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በኔትወርክ ሲጭን ገና ቦንድ (ሁለቱን ኬብሎች እንደ አንድ የሚጠቀምበትን ቅንብር) አልሠራም፤ ኤልኤሲፒ አይናገርም። ስዊቹ የኤልኤሲፒ መልእክት እየጠበቀ ፖርቱን ያግደዋል፣ ጭነቱም ይከሽፋል። ስታቲክ ካደረጉት ፖርቱ ወዲያው ይከፈታል። እውነት ነው። ነገር ግን ስታቲክ ሲደረግ ስዊቹ በሁለቱም ፖርት ላይ ያለው ያው አንድ ሰርቨር ነው ብሎ ሳያረጋግጥ ያምናል። ቦንድ ያልሠራው ሰርቨር በአንድ ፖርት ብቻ እየሰማ፣ ስዊቹ ግን ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ ከፊሉ ትራፊክ ሰሚ ወደሌለው ፖርት ሄዶ ይጠፋል። እሳቸው ሊፈቱት የፈለጉት ችግር በሌላ መልኩ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ኬብል ተሳስቶ ሌላ ሰርቨር ላይ ቢሰካም ስታቲክ አያውቅም። ኤልኤሲፒ ግን የዚያኛውን ጫፍ መለያ እየተቀበለ ስለሚያስተያይ የማይገጥመውን ፖርት አያስገባውም።

ለጭነቱ ችግር መፍትሔው አለ፤ ስሙ በየስዊቹ አምራችና ሶፍትዌር ይለያያል። በአሪስታ ኤልኤሲፒ ፎልባክ፣ በኩሙለስ ኤልኤሲፒ ባይፓስ፣ በጁኖስ ፎርስ-አፕ ይባላል፤ በኤንኤክስ-ኦኤስ ሰስፔንድ ኢንዲቪጅዋል የሚለውን ባሕርይ ማጥፋት ነው። ሁሉም የሚሠሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የኤልኤሲፒ መልእክት እስኪመጣ ፖርቱን እንደ ተራ ፖርት ያሠሩታል፣ ሲመጣ ወደ ቡድኑ ያስገቡታል። የጊዜ ምርጫውንም አትርሱ። ቀርፋፋው ኤልኤሲፒ በየ30 ሰከንዱ ልኮ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ፈጣኑ በየሰከንዱ ልኮ በ3 ሰከንድ ይቆርጣል።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው ሁለት 25 ጊጋ ሲጣመር ለባክአፕ 50 ጊጋ ይገኛል ብለዋል። ስዊቹ ትራፊኩን የሚያከፋፍለው በፍሎው (በአንድ ኮኔክሽን በሚሄድ የፓኬቶች ጅረት) ነው፤ የአንድ ፍሎው ፓኬቶች ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ ሁሉም በአንድ ኬብል ይሄዳሉ። አንድ የባክአፕ ዝውውር በአንድ ኮኔክሽን የሚሄድ ከሆነ 25 ጊጋን አያልፍም። ለደንበኛ 50 ብለን ቃል ከመግባታችን በፊት ሶፍትዌሩ ስንት ኮኔክሽን እንደሚከፍት እንጠይቅ።

ትራንኩን ለሁሉም ቪላን ክፈቱ የሚለው አራተኛው ነጥብ የመጣው ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። በሲስኮ ዓይነት ትእዛዝ በትራንኩ ላይ የተፈቀዱ ቪላኖች ዝርዝር ላይ አዲስ ሲጨመር አድ የሚለው ቃል ከተረሳ ዝርዝሩ በሙሉ ይሻርና አዲሱ ቪላን ብቻ ይቀራል። በዚያች አንዲት ቃል ስንት ደንበኛ እንደተቆረጠ በየአዳራሹ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ግን ለዚህ መልሱ በሩን መበርገድ አይደለም። ሁሉም ቪላን ክፍት የሆነበት ትራንክ የአንዱን ደንበኛ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ለሌላው ሰርቨር ያደርሳል። ኮሎኬሽን በሚሸጥ አዳራሽ፣ ጎን ለጎን የሚወዳደሩ ድርጅቶች ራክ በሚከራዩበት ቦታ፣ ይህ የእምነት ጉዳይ ነው። ሰርቨሩን የያዘ ሰው የፈለገውን የቪላን ቁጥር ታግ አድርጎ ቢልክ የሚከለክለው የለም። ዝርዝሩ ከአንድ ፋይል ይዘጋጅ፣ ትእዛዙም ከዚያ ፋይል በስክሪፕት ይውጣ፤ አድ የሚለውን ቃል ሰው አይተይባት። ታግ የሌለው ትራፊክ የሚገባበትን ኔቲቭ ቪላንም ከ1 አውጥታችሁ ሌላ ምንም ወደሌለበት ቁጥር አዙሩት፣ በሁለቱም ጫፍ።

ስለ ስፓኒንግ ትሪ ብዙ አልልም። ፋብሪኩ (የስዊቾቹ መረብ) ሌየር 3፣ ማለትም በአይፒ የሚመራ፣ ስለሆነ አያስፈልግም የሚሉት በስፓይንና በሌፍ መካከል ልክ ነው። በሰርቨር ፖርቶች ላይ ግን አይደለም። ኢተርኔት ፍሬም ላይ ዕድሜ የሚቆጥር ቦታ የለም፤ አንድ ሰው በአንድ ራክ ውስጥ የኬብሉን ሁለት ጫፍ በአንድ ቪላን ፖርቶች ላይ ከሰካ ብሮድካስቱ ማቆሚያ የለውም። የሰርቨር ፖርቶችን ኤጅ (ከጀርባው ሌላ ስዊች የሌለው ፖርት) አድርጉ፣ ቢፒዲዩ ጋርድ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ከመጣ ፖርቱን የሚዘጋውን) አብሩ። ኤጅ ካደረጋችሁት ሰርቨሩ ሲነሳ ነባሩ ስፓኒንግ ትሪ የሚያስጠብቀው 30 ሰከንድም ይቀራል፤ ጸሐፊው ያማረሩበት መዘግየት ይሄው ነው።

የሲአርሲ ስህተት ሲታይ ኬብሉን ቀይሩ የሚለው ምክር በተራ የቢሮ ስዊች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የዳታ ሴንተር ስዊቾች ግን ብዙዎቹ ከት-ስሩ ናቸው፤ ፍሬሙ ተሟልቶ ሳይገባ ራስጌውን እንዳነበቡ ማስተላለፍ ይጀምራሉ። የሲአርሲ ምርመራው ያለው በፍሬሙ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ፍሬሙ የተበላሸ መሆኑ ሲታወቅ ግማሹ ከሌላው ፖርት ወጥቷል። ስለዚህ አንድ የቆሸሸ ፋይበር ያበላሸው ፍሬም በመንገዱ ባሉ ስዊቾች ሁሉ ላይ፣ ጤነኛ ኬብል ባላቸው ፖርቶችም ጭምር፣ የሲአርሲ ቁጥር ይጨምራል። ልጆቹ ቁጥሩን ባዩበት ቦታ ጤነኛ ኬብል እየነቀሉ ሲቀይሩ ያድራሉ። አንዳንድ ስዊቾች የተበላሸውን ፍሬም ሲያሳልፉ ሲአርሲውን ሆን ብለው በሚታወቅ መንገድ ይገለብጡታል፤ ይህን ስቶምፕድ ብለው ለብቻው ይቆጥሩታል። ያ ቆጣሪ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ፦ ስቶምፕድ ከሆነ ጥፋቱ ፍሬሙ ቀድሞ ካለፈበት ሊንክ ነው የመጣው። ከሌለ ፍሬሙ የመጣበትን አቅጣጫ ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ስህተት እየገባበት፣ የዚያኛው ጫፍ ስዊች ግን ከሌሎች ፖርቶቹ ንጹሕ ፍሬም ብቻ የሚቀበልበት ሊንክ ላይ ስትደርሱ ያገኛችሁት እሱን ነው።

ፋይበርን ሳይጸዳ አትሰኩ ያሉት ግን ወርቅ የሆነ ቃል ነው፤ እኔም አጥብቄ እደግመዋለሁ። የሲንግል ሞድ ፋይበር ብርሃን የሚያልፍበት ልብ ወደ 9 ማይክሮ ሜትር ነው፣ የመልቲ ሞዱ 50። በጎሮና በአያት ዙሪያ ሁሌም የሚቆፈር መሬት፣ የሚገነባ ሕንፃ አለ፤ በበጋ አቧራው በጫማና በካርቶን አዳራሽ ይገባል። ካርቶን ውጭ ይፈታ፣ የሞጁሉ ክዳን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይነሳ፣ ኬብሉም ሞጁሉም ሁለቱም ይጽዱ። ከተሰካ በኋላ የሚቀበለውን የብርሃን መጠን በሁለቱም ጫፍ አንብባችሁ መዝግቡ። ከወራት በኋላ ሊንኩ ሲታመም የሚነጻጸረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።

ዲስክሪፕሽን ጊዜ ማባከን ነው፣ ጎረቤቱን ኤልኤልዲፒ (የተገናኙ ዕቃዎች ማንነታቸውን የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ይነግረናል የሚለውን ሳነብ በእውነት አዘንኩ። ኤልኤልዲፒ የሚነግረን አሁን የተሰካውን ነው። ዲስክሪፕሽን የሚነግረን መሰካት ያለበትን ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ሰው ተሳስቷል፤ የምናውቀው ግን ሁለቱም ሲኖሩ ብቻ ነው። ሊንኩ ሲወድቅስ? በተለመደው ቅንብር የኤልኤልዲፒ መረጃ ከ120 ሰከንድ በላይ አይቆይም፤ በብዙ ስዊቾች ላይ ፖርቱ እንደወደቀ ይጠፋል። በጣም በምንፈልገው ሰዓት የለም ማለት ነው።

እኛ ያለንበትን ቦታ አስቡት። ኢንጂነሩ ቤቱ ጀሞ ወይም ሱሉልታ ነው፣ አዳራሹ ጎሮ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የፈረቃው ልጅ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ባትሪ ይዞ ከራኩ ጀርባ ቆሟል፤ «ጋሼ፣ የትኛውን ልንቀል?» ይላል። ፖርቱ ላይ የዚያኛው ዕቃ ስም፣ የዚያኛው ፖርት ቁጥር፣ ራኩና የፓች ፓነሉ ቦታ ከተጻፈ ያነብለታል። ካልተጻፈ በግምት ይነቀላል፤ በግምት የተነቀለው ደግሞ የሌላ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ማንም ባልጻፈለት ነገር ተጠያቂ መሆን የለበትም። በሁለቱም ጫፍ ይጻፍ፣ ኬብሉ ሲዛወር አብሮ ይታረም፤ በየጊዜው ከኤልኤልዲፒ ጋር የሚያስተያይ ትንሽ ስክሪፕት ይኑር።

የመጨረሻው፣ በቀጥታ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ ሴቭ አድርጉ የሚለው ነው። በብዙ ስዊቾች ላይ የምንተይበው ወዲያው ሥራ ይጀምራል፣ የሚቀመጠው ግን በራም ነው፤ መብራት ከጠፋ የለም። ትልልቆቹ ዳታ ሴንተሮች ዩፒኤስና ጀነሬተር ስላላቸው ይህን አይፈሩት ይሆናል። ጽሑፉን የሚያነቡት ግን በአቃቂ፣ በገላን፣ በሰበታ ፋብሪካዎች ውስጥ ባሉ ትንንሽ የሰርቨር ክፍሎች የሚሠሩም ናቸው። እዚያ ዩፒኤሱ ባትሪው ያረጀ ነው፤ ከሰዓት የተሠራው ኮንፊግ ማታ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ሳያረጋግጡ ሴቭ ማድረግም መመለሻን ያጠፋል፤ የተሳሳተ ኮንፊግ ሪቡት ቢደረግም ይዞ ይነሳል።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ አሠራር አለ። በጁኖስ ኮሚት ኮንፈርምድ ብለን ብንሠራ፣ በነባሪው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላጸደቅነው ስዊቹ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በአሪስታ በኮንፊገሬሽን ሴሽን ሠርቶ በሰዓት ቆጣሪ ማጽደቅ ይቻላል። በኤንኤክስ-ኦኤስ ከሥራው በፊት ቼክፖይንት ይያዛል፤ ከተበላሸ በሮልባክ ይመለሳል። እነዚህ በሌሉባቸው የሲስኮ አይኦኤስ ዕቃዎች ላይ ከሥራው በፊት የነበረውን ሴቭ አድርጎ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሪሎድ እንዲያደርግ አዝዞ መጀመር፣ ሁሉም ደህና ከሆነ ሪሎዱን መሰረዝና ሴቭ ማድረግ ነው። ራሳችሁን የምትገቡበትን ኢንተርፌስ ስትነኩ ደግሞ ያለ ኮንሶል ወይም ያለ ሌላ የማኔጅመንት መንገድ አትጀምሩ። ያ መንገድ ከዚያው ስዊች የሚያልፍ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት፤ በሌላ ስዊች፣ ከተቻለም በሌላ የመብራት መስመር ይምጣ።

ጸሐፊው ቀጣይ ክፍል እንደሚጽፉ ገልጸዋል። እንዲጽፉ እፈልጋለሁ፤ ያላቸው ልምድ ለልጆቹ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፦ ለእያንዳንዱ ምሳሌ የዚህኛውን ጫፍ ኮንፊግ ሲያሳዩ የዚያኛውንም አብረው ያሳዩ፣ ከሥሩም የሁለቱንም ጫፍ የሾው ውጤት ያስቀምጡ።